ተቅያ ያስያዘችው ጠመንጃ

በመስነዓ ሸለቆ የዳኝነትን ሥርዓት ያቆሙልን ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሸይኽ ናጂ ቢን ጋሊብ፣ ልጃቸው ሸይኽ ሙርሺድ፣ የእኔም አያት ቃዲ ሙጣህር። ሸይኽ ናጂ፣ ሁለት ወገኖች ሲካሰሱ ጠመንጃቸውን በዳኛው እግር ሥር በመያዣነት ሳያስቀምጡ አንድም ቃል እንዳይሰማ ደነገጉ። ሸይኽ ሙርሺድ፣ መያዣ ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ያላቀረበ ወገን እንደተረታ እንዲቆጠር፣ ፍርዱን ያልተቀበለም ጠመንጃው እንዳይመለስለት ጨመሩ። አያቴ ደግሞ የተባለው ሁሉ በተባለበት ቃል እንዲጻፍ፣ ጸሐፊው ለማዘንም ሆነ ለማድላት እንዳይቃጣ አዘዙ። እኔ በሰንዓ ከመስጊድ ዓምድ ሥር ሰባት ዓመት ተምሬ ከተመለስሁ ወዲህ አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ቃዲ ሆኜ፣ ሸይኹ ሲፈርዱ በዚህ ትእዛዝ ጽፌአለሁ። የተቅያንም ነገር የምተርከው በዚያው ልክ ነው።

ተቅያ ቢንት ሷሊሕ የሙስዒድ ሚስት ነበረች። ሙስዒድ በልብ ሕመም በድንገት ሲሞት ውርሱ በሸሪዓ ተከፈለ፤ ለእሷና ለሁለት ሴት ልጆቿ በሸለቆው ጠርዝ ያለው የወይን እርከንና ከእርከኑ ግርጌ የሚገኘው የውሃ ጉድጓድ ደረሳቸው። ጠመንጃውና የወገብ ጩቤው ግን እንደ ልማዳችን ወደ ወንድ ዘመድ ሄዱ፤ ወደ ሙስዒድ የወንድም ልጅ፣ ወደ ሀዛዕ። ሀዛዕ ያን ጊዜ ሃያ ሰባት ዓመቱ ነበር። በከተማ አራት ዓመት ተምሮ የተመለሰ፣ አባቱ ሲሞት የዘመዶቹን አለቅነት የተረከበ፣ ልብሱን አጥቦ ተኩሶ የሚለብስ፣ የሰው ዓይን የሚከብደው ወጣት ነው።

ከቀብሩ ሁለት ወር በኋላ ተቅያ ወደ ደጄ መጣች።

«ቃዲ፣ ውል ይጻፉልኝ።»

«የምን ውል?»

«የጠመንጃ። ከብር ሠሪው ከሳልም አምስት ጎራሽ ገዛሁ። የሠርጌን የብር ቀበቶ ሰጠሁት፤ ጠመንጃውንና ሠላሳ ጥይት ሰጠኝ።»

«በማን ስም ልጻፈው?»

«ቀበቶው የማን ነበር?» አለችኝ።

መልሱ እንከን አልነበረውም። «ገዢ፣ ተቅያ ቢንት ሷሊሕ» ብዬ ጻፍሁ፤ የጠመንጃውን ቁጥር ከሰደፉ ላይ አንብቤ አሰፈርሁ፤ ሁለት ምስክሮች አስፈርሜ አንዱን ቅጂ ለእሷ ሰጠሁ፣ ሌላውን በሣጥኔ አስቀመጥሁ።

መንደሩ ሳምንት ሙሉ ሳቀ። ባለ ሱቁ ሙሕሲን በሱቁ በር ላይ እንደተቀመጠ፣ ጉንጩ በጫት እንዳበጠ፣ «ተቅያ፣ ዘንድሮ ወይን በጥይት ነው እንዴ የሚለቀመው?» አላት።

«ዝንጀሮ ሲበላብኝ አንተ መጥተህ ታባርርልኛለህ?»

«ዝንጀሮስ አንቺን ይፈራል?»

«መጥተህ ሞክረዋ» ብላው አለፈች።

ሙሕሲን የማያውቀው ነገር ነበር። የተቅያ አባት ሷሊሕ ወንድ ልጅ አልነበረውም፤ በዓለት ላይ ቆርቆሮ እየደረደረ ተኩስ ያስተማረው እሷን ነው። ስታገባ ጠመንጃ ከእጇ ወጣ እንጂ ዓይኗ አልተለወጠም።

ሀዛዕም መጣ። ደጃፏ ላይ ቆሞ፣ ወደ ቤት ሳይገባ ተናገራት።

«አክስቴ፣ ሰው እየሳቀብን ነው። ጠመንጃውን ለእኔ ስጪኝ። ቤትሽን የምጠብቀው እኔ ነኝ።»

«ቤትህ ከዚህ ምን ያህል ይርቃል?»

«ግማሽ ሰዓት።»

«ሌባው ግማሽ ሰዓት ይጠብቅሃል?»

ሀዛዕ ፊቱን አዞረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእሷ ጋር ሰላምታ እንጂ ሌላ ቃል አልተለዋወጠም።

ከእኛ ማዶ፣ ከሸለቆው ባሻገር፣ በኒ ሽምላል የሚባሉ ጎሳዎች ይኖራሉ። በዚያ ዓመት ጉድጓዳቸው ደርቆ ነበር፤ የሙስዒድን ጉድጓድ «አያቶቻችን የቆፈሩት ነው» ማለት የጀመሩት ሙስዒድ ከሞተ በኋላ ነው። በሕይወት ሳለ አንድም ቀን አላነሱትም።

የወይኑ መልቀሚያ ደርሶ ሳለ በላይኛው መንደር ሠርግ ሆነ። የመስነዓ ወንድ ሁሉ፣ እኔም ጭምር፣ ገና ረፋዱ ላይ ወጣን። ሙሽራው ሲገባ እንደ ወጉ ወደ ሰማይ ተተኮሰ፤ ከቀትር እስከ ዐሥር ሰዓት ተኩሱ አላቋረጠም። ስለዚህ ከታች ከእርከኑ የተተኮሰውን ማንም አልለየውም። በኒ ሽምላሎች ቀኑን የመረጡት ለዚሁ ነበር፤ የሙሽራው አባት አማታቸው ስለነበር ማን ማን እንደተጠራ ያውቁ ነበር።

ተቅያ ያን ቀን ከሁለቱ ልጆቿ ጋር በወይኑ ማማ ላይ ነበረች፤ የድንጋይ ማማ ነው፣ ሁለት ሰው ቁመት ያለው። ሦስት ሰዎች በጭነት መኪና መጥተው ከጉድጓዱ አጠገብ አቆሙ። መፍቻ አውርደው የውሃ መሳቢያውን ሞተር መንቀል ጀመሩ።

«የማን ናችሁ?» ብላ ተጣራች። ወጋችን ይህ ነው፤ ሦስት ጊዜ ሳይጠሩ አይተኮስም።

አልመለሱም። ደገመች። በሦስተኛው፣ የእነሱ አለቃ ዱረይብ ቀና ብሎ አያት፤ «ውረጂና ሻይ አፍይልን። ሥራችን እስኪያልቅ ይደርሳል» አላት።

«ሻይ የሚጠጣ እንግዳ በበር ነው የሚመጣው።»

ጓደኞቹ ሳቁ። መፍቻውም ሥራውን ቀጠለ። ከዚያ የፊተኛው ጎማ ፈነዳ።

ከሦስቱ አንዱ መሣሪያውን አንሥቶ ወደ ማማው ተኮሰ። ጥይቱ የመስኮቱን ድንጋይ ገመሰው፤ ፍንጣሪው ተቅያን ከቅንድቧ በላይ ሰነጠቃት። ልጆቿን በእግሯ ወደ ወለሉ አስተኝታ፣ ደሙን በእጅጌዋ ጠርጋ፣ የኋለኛውን ጎማ መታች። ዱረይብ ያን ጊዜ ቢጫ ጀሪካን በእጁ ይዞ ከመኪናው ኋላ ሊከለል ይሮጥ ነበር። ሦስተኛው ጥይት ጀሪካኑን በሳው። እጁን ሳይነካው፣ ውሃው በሱሪው ላይ ወረደ። ከማማው እስከ ጉድጓዱ መቶ ሃያ እርምጃ ነው፤ እኔ ራሴ ለክቼዋለሁ።

መኪናቸውን ትተው በእግራቸው ሸለቆውን ተሻገሩ። ስንመለስ ሞተሩ በቦታው ነበር፣ ተቅያም ግንባሯን በነጭ ጨርቅ አሥራ ወይኗን ትለቅም ነበር። መኪናውን የሚያነሳው ጠፍቶ ዶሮዎቿ በሾፌሩ ወንበር ላይ እንቁላል መጣል ጀመሩ።

እንግዲህ በኒ ሽምላሎች የሠሩት ስሕተት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። እውነቱን ቢናገሩ ኖሮ ነገሩ ባልተወሳሰበባቸው ነበር። ነገር ግን አንዲት ሴት ብቻዋን አባረረችን ብሎ ከገዛ ሴቶቻቸው ፊት መቆም አልሆነላቸውም። ስለዚህ በገበያው ሁሉ «በማማው ውስጥ አራት ወንዶች አድፍጠው ሊገድሉን ነበር» ብለው አወሩ። ይህንኑ ይዘው ወደ ዳኛው፣ ወደ ሸይኽ ቃኢድ ቢን ሙርሺድ፣ ክስ ላኩ፤ መኪናችን ይመለስ፣ ጉድጓዱም የእኛ ነውና ይሰጠን የሚል።

ሸይኽ ቃኢድ የሸይኽ ናጂ የልጅ ልጅ ናቸው፤ ሰማንያ ዓመታቸውን አልፈዋል። ቀጠሮው ሰኞ፣ ከቁርቁራው ዛፍ ሥር እንዲሆን ወሰኑ።

ቅዳሜ ዕለት ተቅያና ሀዛዕ በእኔ ደጅ ተገናኙ፤ በልማዳችን ለሴት መያዣ የሚያስይዝላት ወንድ ዘመዷ ነበር። ንግግራቸውን የሰማሁት በጆሮዬ ነው።

«ሰኞ መያዣ ታስይዝልኛለህ?» አለችው።

«ጠመንጃዬን አስይዛለሁ። ግን አስቀድመሽ ያንቺን ታስረክቢኛለሽ። ማማ ላይም ሁለተኛ አትወጪም።»

«እምቢ ካልኩስ?»

«ጠመንጃዬ ከትከሻዬ አይወርድም።»

«ካላስያዝክ ይፈረድብኛል።»

«ይፈረድብሻል።»

«ጉድጓዱ ይሄዳል። ያለ ጉድጓዱ ወይኑ አንድ ክረምት አያድርም። እነዚህ ልጆች ሌላ ምን አላቸው?»

ሀዛዕ መሬት መሬት እያየ፣ «እኔስ ምን ልበል? የመንደሩ ሰው ‹የሀዛዕ ቤት የሚጠበቀው በሴት ነው› እያለኝ ነው። አንገቴን ቀና አድርጌ የምሄድበት አሳጣሽኝ» አላት።

ተቅያ ከዚህ በኋላ አልለመነችውም። ነጠላ ጫማዋን አድርጋ ሄደች።

ሰኞ ጠዋት ከቁርቁራው ሥር ወደ ሰባ ሰው ተሰበሰበ። ሴቶች እንደ ልማዳቸው በድንጋዩ አጥር ላይ በሩቅ ተቀመጡ። ሸይኽ ቃኢድ መሐል ምንጣፍ ላይ፣ እኔ በቀኛቸው፣ ቀለሜንና ወረቀቴን ይዤ።

ዱረይብና ሁለቱ ጓደኞቹ ክላሾቻቸውን አወረዱ፤ ጥይቱን አውጥተው በሸይኹ እግር ሥር ደረደሩ።

«የተቅያ ቤት መያዣ?» አሉ ሸይኽ ቃኢድ።

ሀዛዕ ከፊት ቆሟል። የሙስዒድ ጠመንጃ በትከሻው ነው። አልተንቀሳቀሰም።

«የተቅያ ቤት መያዣ?» አሉ ዳግመኛ።

ቀለሜን አጥቅሼ ጠበቅሁ። በሦስተኛው ጥሪ መልስ ካልመጣ የምጽፈው «መያዣ አልቀረበም» የሚል ብቻ ነበር፤ በእነዚያ ሁለት ቃላት ጉድጓዱም ወይኑም ያልቅ ነበር። ሀዛዕ ላብ በላብ ሆኗል፤ ነገር ግን እጁ ወደ ማንገቻው አልሄደም።

ከአጥሩ ላይ አንዲት ሴት ተነሣች። ተቅያ ናት። በሰዎቹ መካከል አለፈች፤ ሰዉም ሳያስበው መንገድ ለቀቀላት። ጠመንጃዋን አፈሙዙን ወደ ምድር ዘቅዝቃ፣ ጎራሹን ባዶ አድርጋ፣ ልክ ወንዶቹ እንዳደረጉት ከክላሾቹ ትይዩ አስቀመጠችው።

«መያዣዬ ይኸው፣ ሸይኽ።»

ሁሉም በአንድ ላይ ተናገረ። ዱረይብ፣ «ይሄ ምንድን ነው? የመጣነው ለፍርድ ነው ለቀልድ?» አለ። ሙሕሲን ከኋላ፣ «ማማሰያዋንም ታምጣው፣ አንድ ላይ ይያዝ» ሲል ብዙዎች ሳቁ።

ሀዛዕ ጠጋ ብሎ በዝግታ፣ «አንሺው። አታዋርጂን» አላት።

«አንተ ስላላስቀመጥክ ነው እኔ ያስቀመጥኩት» አለችው፤ ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም።

ሸይኽ ቃኢድ በትራቸውን ሲያነሡ ጸጥታ ሆነ። «ቃዲ፣ የዚህ ጠመንጃ ባለቤት ማነው?»

ውሉን ከፍቼ አነበብሁ። ሸይኹ የሰደፉን ቁጥር አመሳከሩ።

«ሴት መያዣ አስይዛ ታውቃለች?»

«በአርባ አንድ ዓመት አልጻፍሁም። አያቴም አልጻፉም። እንዳታስይዝ የሚከለክል ቃልም አልጻፉም» አልሁ።

«እኛ አንቀበልም» አለ ዱረይብ። «ሴት የተጠበቀች ናት፤ ባለ መሣሪያ አይደለችም። የሴት ጠመንጃ መያዣ አይሆንም።»

«ጻፍ፣ ቃዲ» አሉ ሸይኹ። ጻፍሁ። «እሺ ዱረይብ፣ ማነው የተኮሰባችሁ?»

«አራት ወንዶች።»

«ጻፍ። እናንተስ ተኩሳችኋል?»

«ለተኮሱብን ወንዶች መልስ ሰጠን።»

«ጻፍ።» ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ። «ልጄ፣ አራቱ ወንዶች የት አሉ?»

ተቅያ የሻሿን ጫፍ ፈታች። ሦስት ቀለሆች አውጥታ ከጠመንጃዋ አጠገብ አንድ በአንድ አቆመቻቸው።

«አራተኛው ሳይተኩስ ሄዶ ይሆናላ» አለ አንድ ሰው ከኋላ። የዚህ ጊዜ ሳቅ ወደ ማን እንደዞረ ዱረይብ ገብቶታል።

«አንዱ የፊት ጎማ፣ አንዱ የኋላ ጎማ፣ አንዱ እሱ የያዘው ጀሪካን» አለች። «መኪናው እዚያው ቆሟል። ዶሮዎቼን አስወርዳችሁ እዩት።»

ሸይኹ ከየወገኑ ሁለት ሁለት ሰው ላኩ። አራቱም ተመልሰው አንድ ዓይነት ቃል ሰጡ፤ ሁለት ጎማ፣ አንድ ጀሪካን፣ ከዚያ ሌላ ቀዳዳ የለም። ቀለሆቹ ተለክተው ከአምስት ጎራሹ ጋር ገጠሙ።

«ዱረይብ» አሉ ሸይኽ ቃኢድ፣ «ያን ቀን በመስነዓ አራት ወንድ ቢኖር ኖሮ እናንተ አትመጡም ነበር።»

ሸይኹ የተቅያን ግንባር በበትራቸው ጫፍ አመለከቱ፤ ቁስሉ ገና አልጠገገም።

«አሁን ምርጫው የእናንተ ነው። የተኮሳችሁባት ሴት ናት ካላችሁ፣ እንዳልከው የተጠበቀች ናት። የተጠበቀች ላይ መተኮስ ጥቁር ነውር ነው። ቅጣቱ አራት እጥፍ፤ ስምንት በሬ በደጇ ታርዳላችሁ፣ ነውሩም በሦስት ገበያ ይታወጃል። ባለ መሣሪያ ናት ካላችሁ ግን ተኩሱ በእኩዮች መካከል ነው፤ ሁለት በሬ ይበቃል፣ ነውርም የለበትም። ግን እኩያ ከሆነች ጠመንጃዋ ከጠመንጃችሁ ጋር ይደረደራል። ሄዳችሁ ተመካከሩ።»

ከአጥሩ ኋላ ተሰበሰቡ። ድምፃቸው ከፍ ዝቅ እያለ ይሰማ ነበር። «በሬውስ ይሁን፣ ነውሩ ግን!» «ማን ልጁን ይድርልናል?» «አንተ አይደለህ አራት ወንድ ያልክ?» «ታዲያ ምን ልበል፣ አንዲት ሴት አስሮጠችን ልበል?»

ሲመለሱ ዱረይብ ከሸይኹ ፊት ቆመ። ዓይኑን ከቀለሆቹ ላይ አልነቀለም።

«የተኮሰብን አንድ ሰው ነው። ባለ መሣሪያ ነው።»

«ስሙን ጥራ።»

«ተቅያ ቢንት ሷሊሕ።»

«ጠመንጃዋስ?»

«መያዣ ነው። እንቀበላለን።»

ሸይኽ ቃኢድ ጎንበስ ብለው አምስት ጎራሹን በገዛ እጃቸው አነሡና ከሦስቱ ክላሾች ጋር ደረደሩት። በአጥሩ ላይ ያሉት ሴቶች እልልታቸውን ለቀቁት፤ ከሸለቆው ማዶ ድረስ ደርሶ ተመለሰ። እኔ በጻፍሁባቸው ዓመታት ሁሉ በፍርድ ላይ እልልታ ሰምቼ አላውቅም፤ እንዲያቆሙ ማንም አላዘዘም። ሙሕሲን ጫማውን ሲመረምር አየሁት።

የቀረው አጭር ነበር። የድንበሩን ሰነድ ከሣጥኔ አውጥቼ አነበብሁ፤ ጉድጓዱን የቆፈሩት የሙስዒድ አባት መሆናቸው በአያቴ እጅ ተጽፎ ነበር። ጉድጓዱ ለተቅያና ለልጆቿ ጸና። በኒ ሽምላሎች በሁለተኛው ቀን ሁለት በሬ በደጇ አረዱ፤ መኪናቸውንም ተቀበሉ። ለከብቶቻቸው በሳምንት ሁለት ቀን ውሃ እንዲቀዱ የፈቀደችው እሷ ናት፤ በበሩ ተጣርተው እስከመጡ ድረስ። ዱረይብ ራሱ ነበር በመጀመሪያው ቀን ቆሞ የተጣራው። ሻይም ጠጣ።

ወደ ፍርዱ ሰዓት ልመለስ፤ መያዣ የመመለሱ ሥርዓት ገና ይቀር ነበር። ሸይኹ የባለቤቱን ስም ይጠራሉ፣ ባለቤቱም ቀርቦ ይረከባል። ሦስቱ ተጠሩ፣ ተረከቡ። በመጨረሻ አንድ ጠመንጃ ብቻውን ቀረ።

«ተቅያ ቢንት ሷሊሕ» አሉ ሸይኽ ቃኢድ።

ከእሷ በፊት ሀዛዕ ወደ ፊት ወጣ። ሰዉ አጉረመረመ፤ በስሟ ሊረከብ መስሎት ነበር። እኔም ቀለሜን አነሣሁ፤ ቢያደርገው የምጽፈውን አውቄ ነበር። ሀዛዕ ግን አስቀድሞ የራሱን ጠመንጃ ከትከሻው አውርዶ መሬት ላይ አኖረ። ከዚያ አምስት ጎራሹን አነሣ፤ የምንጣፉን አቧራ በዚያ በካውያ በተተኮሰው ነጭ ልብሱ እጅጌ ከሰደፉ ላይ ጠረገ፤ ሰደፉን ወደ እሷ አዙሮ በሁለት እጁ አቀረበላት። ተቅያ ተቀብላ በትከሻዋ አነገተችው፤ ቆማ ጠበቀችው።

ሀዛዕ ወደ እኔ ዞረ። «ቃዲ፣ ይጻፉልኝ» አለ። ሰባው ሰው እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ ነበር። «ሸይኹ መያዣ ሲጠሩ ሁለት ጊዜ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ጠላቶቻችን እንኳ ያመኑትን ጠመንጃ፣ እኔ የገዛ ዘመዷ አንሺው አልኩ።»

ከዚያም ወደ እሷ ተመልሶ ራሱን ዝቅ አደረገ።

«አክስቴ፣ ተሳስቼ ነበር። ማማው የእርስዎ ነው፤ እኔን ሲፈልጉኝ ብቻ ይጥሩኝ።»